ጠብታ ያልደረሳቸው ዶሮዎች

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ደብተሬን ካስቀመጥኩ ወዲህ እጄ እስክሪብቶ የያዘው ለፊርማ ብቻ ነው። ንግግርም አይሆንልኝም፤ ሰው ፊት ስቆም ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ወረቀት ግን ዓይን ዓይኔን አያየኝም።

ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ ባለፈው ሳምንት የመጣች ልጅ ናት። እዚህ መካነ ኢየሱስ፣ እኛ ሰፈር፣ የዶሮ ክትባት የሚሰጡ ወጣቶች በየቤቱ ይዞራሉ። ልጅቱ ትንሽ ብልቃጥ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ጎህ ሲቀድ በሬን አንኳኳች። ዶሮዎቼን ከቆጥ አወረድኩላት፤ እኔ ክንፋቸውን ስይዝ እሷ ዓይናቸው ውስጥ አንድ አንድ ጠብታ ጣል ታደርጋለች። ዶሮዋ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ ስታደርግ ጠብታው ይገባል፤ በቃ።

«በረዶ እኮ አይፈልግም፤ ይዤው ብዞርም አይበላሽም» አለችኝ፣ ከሰማይ እንደ ወረደ ነገር።

«ጥሩ ነው» አልኳት። ልላት የፈለግሁት ብዙ ነበር። እሷም እንደ እኔ ናት መሰለኝ፣ አንገቷን እንደ ደፋች ወደ ጎረቤት አለፈች። እኔ ግን ሥራዬን ትቼ ፀሐይ ግቢውን እስክትሞላው ድረስ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

ይህ ጠብታ መጀመሪያ ሲሞከር እኔ ገና ሙሽራ ነበርኩ። የተወለድኩት ጋይንት፣ ቤተ ልሔም አጠገብ ነው፤ የተዳርኩት ግን ስማዳ፣ ከወገዳ ቁልቁል በእግር በሚወረድበት መንደር። ባሌ ደሳለኝ ከሠርጋችን በኋላ ብዙም ሳይቆይ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ፤ ሰሊጡ ሲያልቅ ጥጥ ለቀማ አገኘሁ ብሎ ላከና እዚያው ቆየ። እኔና እናቱ ሁለታችን ብቻ ቀረን። እማማ እላቸው ነበር። በእኛ አገር ሙሽራ አማቷ ቤት ስትገባ አዲስ ስም ይወጣላታል፤ እማማ «አለኝታ» አሉኝ። ስሙን ወደድኩት። ሲጠሩኝ ግን ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሸፍኜ «አቤት» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣኝም። በፊታቸው አልበላም፣ በፊታቸው አልስቅም። ወጉ ነው፤ እኔ ደግሞ ከወጉም በላይ ዓይነ አፋር ነበርኩ።

እማማ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። መሬቱን የሚያርሰው ልጃቸው ነው፤ በሬዎቹም የልጃቸው ናቸው። የእሳቸው የሆኑት ዶሮዎቹ ብቻ ነበሩ። ጨውና በርበሬ ከእነሱ ነው፤ ለክርስትና ልጅ የሚሰጠው፣ ለፋሲካ የሚታረደውም ከእነሱ ነው። በተለይ አንዲት ኮክማ ዶሮ ነበረቻቸው። ጫጩት ሳለች ሸለምጥማጥ አንድ ጣቷን ቆርጧት ስትራመድ ትንሽ ዘንበል ትላለች። የፈለፈለችውን ሁሉ ለጭልፊት ሳትሰጥ የምታሳድግ እሷ ነበረች። እማማ ቆሎ ሲቆረጥሙ ጭናቸው ላይ ዘላ ትወጣለች፣ እሳቸውም «አንቺ ባለጌ» እያሉ ከእጃቸው ያበሏታል። እኔም ከእናቴ ቤት ያመጣኋቸው ሁለት ቄቦች ነበሩኝ፤ ከእሳቸው ዶሮዎች ጋር አንድ ቆጥ ላይ ያድራሉ።

የእንስሳት ዶክተሩ የመጣው ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ በገባ ሰሞን፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። የመኪናው ጎማ ወገዳ መንገድ ላይ ፈንድቶ ቀሪውን በእግሩ ወረደ፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሷል። አሁን ሳስበው እሱም ልጅ ነበር። ሴቶቹን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሜዳው ላይ ሰበሰበን።

«ፈንግልን ታውቁታላችሁ» አለ።

ማን የማያውቀው! ጠዋት ስትጭር የነበረች ዶሮ ማታ ክንፏን ጥላ፣ አንገቷ ተጠማዝዞ ትገኛለች። አንድ ቤት ከገባ መንደሩን ሳይጠርግ አይወጣም።

«የድሮው ክትባት በረዶ ውስጥ ካልተቀመጠ ይሞታል። ይህን መንገድ አልፎ እዚህ እስኪደርስ በረዶው ይቀልጣል፤ እናንተ ዘንድ የሚደርሰው ውሃ ነው። አሁን ሙቀት የሚችል አዲስ ክትባት ተሠርቷል። መሥራቱን በእርግጥ የምናውቀው ግን እንዲህ ያለ ገጠር ውስጥ ስንሞክረው ነው።»

እኔ ይህን ሳይነገረኝም አውቀው ነበር። ልጅ ሆኜ እናቴ ዶሮዎቿን አስከትባ ነበር። ከእንግዲህ አይነካቸውም ስለ ተባለች ፈንግል ጎረቤት ሲገባ እንኳ ሳትደነግጥ፣ ሳትሸጥ፣ ሳትከልል ተማምና ተቀመጠች። ሁሉም አለቁ። ከዚያ ወዲያ ክትባት የሚል ሰው ሲመጣ የእኛ መንደር ሴቶች ዶሮዎቻቸውን ጎታ ውስጥ ይደብቁ ጀመር። መድኃኒት ከማጣት ይልቅ በሞተ መድኃኒት መታመን እንደሚብስ ያኔ አይቻለሁ።

ዶክተሩ ቀጠለ። «ግማሹ ቤት ይከተባል፣ ግማሹ ይቀራል። ፈንግል ሲመጣ ልዩነቱን እናያለን። ሙከራው ሲያልቅ የቀረው ሁሉ ይከተባል፤ ለሞተውም ቄብ እንተካለን።»

ሴቶቹ አጉረመረሙ። ማን ተከትቦ ማን ሊቀር? «በዕጣ» ሲል ግን ተቀበሉ። ዕጣ የእግዜር ነው፤ የሚከራከረው የለም። ቅል መጣና ባቄላ ተጨመረበት፤ ግማሹ በጥላሸት ጠቁሯል። ነጭ የወጣላት ታስከትባለች፣ ጥቁር የወጣላት ትቀራለች። የእኛ ተራ ሲደርስ እማማ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ አውጪው። የሙሽራ እጅ ቡሩክ ነው።»

እጄን ሰድጄ አወጣሁ። ጥቁር ነበር።

«አረረባችሁ!» ብላ ሳቀች እትዬ ዘውዴ። አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ናት፤ ለእሷ ነጭ ወጥቶላታል። እማማም አብረው ሳቁ፣ ግን አልቆየም። እኔ ጣቴ ላይ የቀረውን ጥላሸት በነጠላዬ ውስጥ ሳሽ ቆየሁ።

ዶክተሩ ቀጥሎ የምታነብ ሴት ፈለገ። እሱ ለሌላ መንደር ሲሄድ ጠብታውን የምትሰጥ፣ ዶሮዎቹን የምትከታተል። ከሴቶቹ እስከ ስድስተኛ የተማርኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ከማቀርቀሬ በፊት እማማ «የእኔ አለኝታ ትሥራ!» ብለው ተስማሙልኝ፤ ኩራት ብጤም ነበረበት። በማግስቱ ከዶክተሩ ጋር ከቤት ቤት እየዞርን ለሚከተቡት ቀይ ክር፣ ለማይከተቡት ጥቁር ክር እግራቸው ላይ አሰርን። ሲለየኝ እንዲህ አለኝ፦

«ጥቁር ክር ካላቸው አንዷን እንኳ ብትከትቢ የምትዋሺው ለእኔ አይደለም። ነገ ይህን መድኃኒት አምኖ ለሚቀበል ቤት ሁሉ ነው።»

የእናቴ ባዶ ቆጥ ታየኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ ያ ቃሌ ነበር።

ዶሮ የሚያዘው ከቆጥ ሳይወርድ ነውና በማግስቱ ገና ጎህ ሳይቀድ እትዬ ዘውዴ ቤት ገባሁ። ምድጃው ላይ ጭራሮ እየነደደ ነበር። እሷ ከቆጥ እያወረደች ታቀብለኛለች፣ እኔ ጠብታዬን እያደረግሁ እለቃለሁ። አውራው፣ ዛጎልማዋ፣ ገብስማዋ። ከዚያ አንዲት ሰጠችኝ፤ ክብደቷን እጄ አወቀው። እግሯን ዳበስኩ። ክር የለም፤ የታሰረበት ቦታ ላይ ግን ላባው ተጫጭኗል። ወደ ታች ስወርድ አንድ ጣት ጎደለ።

«ይቺ… የእናንተ ናት?» አልኩ።

«እኔ ቆጥ ላይ ያደረች የማን ልትሆን ኖሯል?»

«ጣቷ…»

«ጣቷን ተይና ዓይኗን እይ! ጠብታው ለዓይን ነው ለጣት?»

ብልቃጡ በእጄ ነበር፤ እማማ ክሯን ፈትተው በሌሊት ያሻገሯት ኮክማም እንደ ለመደችው ዝም ብላ ክንዴ ላይ ተቀምጣለች። ጠብ ባደርግላት ማንም አያውቅም፤ እማማ ይወዱኛል፣ እትዬ ዘውዴም ዝም ትላለች። ካላደረግሁ ደግሞ አማቴን በጎረቤት ፊት ማዋረዴ ነው። ባል በሌለበት ከአማቷ የተጣላች ሙሽራ ዕድሏ የታወቀ ነው፤ ጓዟን ተሸክማ ወደ አባቷ ቤት። እኔ ብመለስ ደግሞ የታጨችው ታናሽ እህቴ ነገር ይበላሻል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ከዚያ ዶሮዋን በነጠላዬ ጠቀለልኳት።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ቤቷ» አልኩ። በዚያ መንደር ድምፄ ጎልቶ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር።

«ኧረ ጉድ! ሙሽራ አመጡ ብለን ዳኛ ኖሯል ያመጡት!»

እማማ ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ነጠላዬን አዩ፤ ኮክማዋን ተቀብለው ዓይኗን ወደ ብርሃን አዙረው ተመለከቱ። አልረጠበም።

«አንድ ጠብታ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ።»

«እማማ፣ ቃል ገብቼ…»

«ለማን? እንጀራዬን እየበላሽ ለማን ነው ቃል የምትገቢው?»

የእናቴን ነገር ልነግራቸው ፈለግሁ። ምክንያቱ ሁሉ ልቤ ላይ ተሰድሮ ነበር፤ አፌ ግን እምቢ አለ። ነጠላዬን ወደ አፍንጫዬ ሳብኩና ቆምኩ። እሳቸውም መልስ የለኝ መሰላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «አለኝታ» ብለው አልጠሩኝም። በስሜ አይጠሩኝም፣ አይቆጡኝም፣ አያናግሩኝም። የሚያዙኝ ለምሰሶው እየነገሩ ነው። «ውሃ የሚቀዳ ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር» ይላሉ ምሰሶውን እያዩ፤ እንስራዬን አዝዬ እወጣለሁ። «ስልጆው ሰናፍጭ አነሰው» ይላሉ፤ እጨምራለሁ። ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ። የቤቱ በር ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ የምወጣበት ግን የለኝም። ወደ አባቴ እንዳልሄድ እህቴ አለች። ሥራውን እንዳልተው እሳቸው ራሳቸው በሰው ፊት ተስማምተውልኛል፤ ቃሉም አለ። ደሳለኝ እንዲመጣ እንዳልልክበት ምን ብዬ እልካለሁ? «እናትህ ዶሮ አስከትቢ ብለውኝ» ልበል? ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማየው ቆጡን ነበር። ደኅና ሲሆኑ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ፈንግል ካልመጣ መድኃኒቱ መሥራቱ እንደማይታወቅ ትዝ ይለኛል። እንዲመጣም እንዳይመጣም መጸለይ አቃተኝ።

መጣ። ለፋሲካ ገበያ ከሩቅ የመጡ ነጋዴዎች ወገዳ ላይ ዶሮ በርካሽ ሲሸጡ አንዷ ገዝታ ወደ ታችኛው ሰፈር አስገባች። ጾም ስለሆነ የታመመችውን አርዶ መብላት አይቻልም፤ ስለዚህ ማንም ዶሮው ክንፉን ሲጥልበት ሮጦ ወደ ገበያ ይወስዳል፣ ሌላው ገዝቶ ይመለሳል። እንዲህ እየተዞረ እኛ ጋ ሲደርስ ሕማማት ገብቶ ነበር። በሕማማት ሰላምታ የለም፤ ሰው ከሰው ሲገናኝ ዝም ብሎ ይተላለፋል። የእኛ ቤት ዝምታ በዚያ ሳምንት ከአገሩ ዝምታ ጋር ተቀላቀለ። ብቸኛ ዕረፍቴ እሱ ነበር፤ የሚያየን ሰው መጣላታችንን አያውቅም።

መጀመሪያ የሞቱት የእኔ ሁለቱ ቄቦች ናቸው። ከዚያ ሌሎቹ ተከታተሉ። እማማ ፌጦ ወቅጠው በሎሚ አጠጧቸው፣ ነጭ ሽንኩርት ጨመሩበት፣ አረቄም ሞከሩ። ኮክማዋ የመጨረሻዋ ነበረች። ሰው ሁሉ ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እሳቸው ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋት ቀሩ። አንገቷ ሲጠማዘዝ በመዳፋቸው እያቀኑ ይይዙታል፤ ሲለቁት ይመለሳል። አጠገባቸው ተቀምጬ ውሃ በጣቴ አፏ ላይ አደርግላት ነበር። አልከለከሉኝም፣ አላዩኝምም። ከአጥሩ ማዶ የእትዬ ዘውዴ አውራ ዶሮ ይጮሃል።

ለፋሲካ እትዬ ዘውዴ ወጥ በሳህን ከድና አመጣች። «ብሉ እንጂ፤ የእኔዎቹ አንድም አልተነኩ» አለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። እማማ አመስግነው ተቀበሏት። ከሄደች በኋላ ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት። ለብቻዬ በላሁ፤ ጾም የፈታሁበት አፌ ግን ጣዕሙን አላወቀውም።

ዶክተሩ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ተመለሰ። ነጭ ጥቁር ሳይለይ በየቤቱ እየገባ አይቶ ወደ እኛ መጣ። ባዶውን ቆጥ ቀና ብሎ አየ።

«ሁሉም? አንድም አልቀረም?»

«አንድም» አልኩ።

«ግሩም ነው!» አለ። ፊቱ በራ። ወዲያው እማማን አያቸውና ፊቱ ተለወጠ።

«ልጄ፣» አሉት እማማ ከመደባቸው ሳይነሱ፣ «ለቅሶ ቤት ገብተህ እልል አትበል።»

«ይቅርታ እናቴ። እነዚህ ባይሞቱ ኖሮ የእነዚያ መትረፍ ፈንግል ስላልመጣ ነው እንል ነበር። አሁን ግን እዚያ ማዶ ተርፈዋል፣ እዚህ አልቀዋል። መድኃኒቱ እንደሚሠራ ያሳዩን የእርስዎ ዶሮዎች ናቸው።»

«እንዲያ ከሆነ ሥራ ላይ ነበሩ በለኛ።»

«አዎ፣ ሥራ ላይ ነበሩ።»

«ደመወዛቸውን ለማን ትከፍላለህ?»

ይዞት የመጣውን ቅርጫት ወደ እሳቸው አስጠጋ። ያመጣቸው ቄቦች በቅርጫት ውስጥ ይጮሃሉ። «ለእሷ ስጣት» አሉ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። «የቀጠርካት አንተ ነህ።»

ቄቦቹን እኔ አሳደግኋቸው። የቀሩት ቤቶች ሁሉ ሲከተቡ እነሱም ተከተቡ፤ የእኛን ስከትብ እማማ ነጠላቸውን አንስተው ከቤት ይወጡ ነበር። ሴቶቹ ቀስ በቀስ በምንጭ መንገድ ሰላም ይሉኝ ጀመር፣ «ጠብታዋ» እያሉም ከሩቅ ሰፈር ይጠሩኝ ነበር። ደሳለኝ ተመለሰ፣ ልጅ ወለድን፤ እማማ ልጄን አሳደጉልኝ፣ ምሰሶውንም ትተው እኔኑ በቀጥታ ያናግሩኝ ጀመር። ያን ነገር ግን አንዳችንም አላነሳንም። አንድ ቤት ውስጥ እንደ ተጋደመ ግንድ ነበር፤ ሁለታችንም ተሻግረነው እንኖራለን።

ደሳለኝ እዚህ መካነ ኢየሱስ ወፍጮ ቤት ሥራ ሲያገኝ ከእማማ ልንለያይ ሆነ። በምንሄድበት ጠዋት ጉልበታቸውን ስስም አፌ ተከፈተ፣ ከየት እንደ መጣ አላውቅም። የእናቴን ዶሮዎች፣ የሞተውን መድኃኒት፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጨርሼ ቀና ስል እያዩኝ ነበር።

«ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፌ እምቢ ብሎኝ ነው፣ እማማ።»

በአፍንጫቸው ሳቅ የሚመስል ትንፋሽ አወጡ። በሶ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ፣ ልጄን ሳሙ፣ እስከ አጥሩ በር ሸኙን። እዚያ ቆመው አንድ ነገር አሉኝ። በዚያው ክረምት አረፉ። ወንዙ ሞልቶ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ፣ ስደርስ ተቀብረው ነበር።

አሁን ጠብታው በየደጁ ይመጣል። ያቺ ልጅ በረዶ አይፈልግም ስትለኝ እውነቷን ነው። ደስ ይለኛል፤ ዶሮዎቼ ደኅና ናቸው፣ የጎረቤቴም ደኅና ናቸው። ልክ አድርጌያለሁ እላለሁ። ከዚያ ደግሞ የእማማ መዳፍ የኮክማዋን አንገት እያቀና ሲይዝ ይታየኛል፤ ልክ ማድረጌም አያወጣኝም። ያሉኝ ነገር ቁጣ ይሁን ምርቃት እስከ ዛሬ አልለየሁትም። በእኛ አገር ምራት በዓመት በዓል አማቷን ልትጠይቅ ስትመጣ ዶሮ ይዛ ነው። እማማ የአጥሩን በር በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ወደ መንገዱ እያዩ እንዲህ አሉኝ፦

«ለበዓል መምጣትሽ አይቀርም። ስትመጪ ግን ዶሮ ይዘሽ እንዳትመጪ። ባዶ እጅሽን ነይ።»